መጨረሻውን ሳያዩ የሚወጡ ወንዶች

ውድ ጃራ፣

ሰላምታውን በወጉ ላስቀድም ብዬ ነበር። ግን ወረቀቱን ይዤ ከተቀመጥኩ ጀምሮ ስንት ጊዜ ተነስቼ በሩን ከፍቼ እንደዘጋሁ አንድዬ ነው የሚያውቀው፤ ስለዚህ ወጉ ይቅርብኝ። እኔ አለሁ። እማማም አለች። አንተም እንዳለህ ሰማሁ፤ ይህን መስማቴ ብቻውን ለዓመት የሚበቃ ሰላምታ ነው።

የላክከው ሀሰን ማክሰኞ ዕለት ከድሬዳዋው ባቡር እንደወረደ በቀጥታ ወደ ስፌት ማኅበራችን መጣ። ሻርፕ የሚሸጥ መስሎ ገባ፤ ለነገሩ እውነትም ይሸጥ ነበር። ሴቶቹ ሻርፑን ሲሻሙ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ጃራ በሕይወት አለ። ጅቡቲ፣ ወደቡ አጠገብ ጎማ ይጠግናል" አለኝ። እጄ ከጨርቁ ላይ ወረደ። "'ነይ' ብሎሻል። 'እዚህ ሲኒማ ውስጥ ሰው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል ብለህ ንገራት' አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አንቺ ታውቂያለሽ ብሏል።" ከዚያ ሻርፖቹን ከሴቶቹ እጅ እየሰበሰበ፣ "ቅዳሜ እመለሳለሁ። ወላሂ፣ ወይ አንቺን ወይ መልስሽን ይዤ ነው የምሄደው፤ ባዶ እጄን እሱ ፊት አልቆምም" ብሎኝ ወጣ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ከማክሰኞ ወዲህ እግሬ አላርፍ ብሏል። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል ስረግጥ እንደምውል ታውቃለህ፤ አሁን ግን ምሳ ስበላም ይረግጣል፣ ጸሎት ላይ ቆሜም ይረግጣል። ትናንት አለቃችን ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ "ዘርፉ፣ መርፌሽ ክር የለውምኮ" አለችኝ። ባየው እውነትም ባዶ መርፌ ነው በካኪው ላይ የማስኬደው። ሱሪው ሙሉ በሙሉ ተወግቷል፤ የተሰፋ ነገር ግን የለም። ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

እዚህ ከተማ ያልኖረ ሰው፣ ሰው ሲኒማ ውስጥ እስከ መጨረሻው መቀመጡ ምኑ እንደሚያስለቅስ አይገባውም። ሀሰን መንገድ ላይ ይህን ደብዳቤ ከፍቶ ቢያነበው፣ (ሀሰን፣ ይኸው አንብበው፣ አልቀየምህም) እንዲገባው ላስረዳ። አፈሳው ሲኒማ ቤት ደጃፍ ላይ ከሰፈረ ወዲህ በናዝሬት ወንድ ልጅ የፊልም መጨረሻ አያይም። አብዮት ጥበቃዎቹ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል መኪናቸውን በሩ ላይ ያቆማሉ፤ መብራት በርቶ ሰው ሲወጣ ዕድሜው የደረሰውን ወንድ እየለቀሙ ለብሔራዊ ውትድርና ይጭናሉ። ወንዶቹ ፊልም አይተዉ ነገር፣ ሆዳቸው እምቢ አላቸው። ስለዚህ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ብድግ ብለው ሹልክ ይላሉ። መጨረሻው የሴቶችና የሽማግሌዎች ሆነ። እኛ እስከ መጨረሻው እንቀመጣለን፣ ከዚያ ጉዲቱ ሻይ ቤት ሄደን ለሚጠብቁን ወንዶች ቀሪውን እንነግራለን። አንዳንዷ አሳምራ ትነግራለች፣ አንዳንዷ የሞተውን ታስነሳለች። እኔ ግን እንዳየሁት ነው የምናገረው፤ ለዚህ ነው አንተ እኔን የመረጥከው፤ ወይም ያኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መቼ መውጣት እንዳለበት ማወቅ ራሱ ሙያ ነበር። የህንድ ፊልም ደግ ነው፤ አስቀድሞ ይናገራል። እናትየው የጠፋ ልጇን ክንዱ ላይ ባለው ምልክት ስታውቀው አዳራሹ ውስጥ ያለ ወንድ ሁሉ ይነሳል። እናትና ልጅ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኛ የምንሰማው የወንበር ኳኳታ ነው። አንተማ "አገኘችው፣ በቃ እንሂድ!" ትል ነበር፣ ቤትህ እሳት የተነሳ ይመስል። በካውቦይ ፊልም ሁለቱ ሰዎች ተፋጥጠው ዝም ያሉ ጊዜ ነው የሚወጣው። በካራቴ ፊልም አስተማሪው ሲሞት ገና ነው፤ ልጁ ተራራ ወጥቶ ድንጋይ እየደበደበ ሲመለስም ገና ነው፤ የአስተማሪው ገዳይ ካባውን አውልቆ ሲጥል ግን ወንዶቹ በሩ ላይ ናቸው።

የሩሲያ ፊልም ነው ጉድ የሚሠራው። አያስጠነቅቅም። ሰውዬው በበረዶ ላይ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ቆም ብሎ ሰማዩን ያያል፤ አለቀ። መብራት ይበራል። ወንድሜ ኃይለየሱስ የተያዘው በሩሲያ ፊልም ነው። አንተ ያን ቀን ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የመጣ ኤንትሬ መኪና ጎማው ፈንድቶበት ስለተጠራህ ተረፍክ። ኃይሉ ከፊቴ ነበር የተቀመጠው። "ውጣ እንጂ" ስለው ዞር ብሎ፣ "ገና ነው፤ ይህ ሰውዬ ቤቱ ሳይደርስማ አያልቅም" አለኝ። ሰውዬው ቤቱ አልደረሰም። ኃይሉን መኪናው ላይ ሲያወጡት በሰው ጭንቅላት ላይ አሻግሮ፣ "ለእማማ ወንጂ ሄዷል በያት!" ብሎ ጮኸልኝ። እቤት ገብቼ ገና አፌን ሳልከፍት እማማ ፊቴን አየችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ጎማ በነካው እጅህ ባልዲ ይዘህ በራችን ላይ ቆምክ። "እማማ አሰለፈች፣ ውሃ ልቅዳልዎት?" አልካት። ቧንቧው የት እንዳለ እንኳ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ጉዲቱ ሻይ ቤት ጥጉን ይዘህ የእኔን መጨረሻ ብቻ መጠበቅ የጀመርከው። እኔ ገና በበሩ ስገባ ቦምቦሊኖውን ወደ እኔ ገፋ ታደርግና፣ "እሺ፣ ከደረጃው ወደቀች፤ ከዚያስ?" ትለኛለህ። ስነግርህም ዝም ብለህ አትሰማም። ጎማ ጠጋኝ ስለሆንክ ፊልምም የሚጠገን ይመስልሃል። "ለምን ቀደም ብሎ አልነገራትም? ቀደም ብሎ ቢነግራት ኖሮኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር" ብለህ ከእኔ ጋር ትጣላለህ፣ ፊልሙን እኔ የሠራሁት ይመስል። እንዲህ የምትለው አንተ፣ ቀደም ብለህ አንድ ነገር ሳትነግረኝ የሄድከው አንተ!

እኔ ደግሞ ስፌተኛ ነኝ፤ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ልብስ ላይ ነው። የህንዷ ልጅ አንድ ዘፈን ሳያልቅ አምስት ልብስ ትለውጣለች፤ ማን ሰፋላት? ተራራው ላይስ የት ገብታ ለወጠች? ካውቦዮቹ ከነካፖርታቸው ተወልደው ከነካፖርታቸው ነው የሚቀበሩት፤ አጣቢ የላቸውም። የቻይናው ልጅ እግሩን ጣሪያ ድረስ ሲሰድ ሱሪው አይተረተርም፤ ያን ስፌት ያየሁ ቀን ለማኅበራችን አፈርኩ። የግብጽ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ደረጃ አላቸው፤ የከፋት ሴት ሁሉ ደረጃውን እየሮጠች ወጥታ አልጋ ላይ ትወድቃለች። እኛ የከፋን ጊዜ ወዴት ነው የምንወጣው? ሩሲያዎቹ ቁልፋቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ነው ፍቅር የሚነጋገሩት፤ ንግግሩንም አይጨርሱትም፤ ባቡር ይመጣና ያቋርጣቸዋል። አንተ ግን ይህን ሁሉ ሳወራልህ፣ "ልብሱን ተይውና ሰውዬው ምን ሆነ?" ነው የምትለኝ።

ከእነዚያ ሁሉ አገሮች ለኔ የተረፈኝ አለማረፍ ነው። አንዳንዴ ይቺ ሲኒማ ቤት ባትኖር ይሻለኝ ነበር እላለሁ። ወንጂ ያሉት የአክስቴ ልጆች ሸንኮራ ሲታጨድ፣ ሲጫን፣ ፋብሪካው ሲያጨስ እያዩ ያድራሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አይጠይቁም። እኔ ግን አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስት አገር አይቼ እወጣና ያ የናዝሬት አቧራ ፊቴን ሲመታኝ፣ ጋሪዎቹ እንደቆሙ፣ ፈረሶቹ እንዳቀረቀሩ ሳይ፣ ለመጮህ ያምረኛል። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ግን የጣልያን ባሕር፣ የግሪክ ባሕር፣ የጃፓን ባሕር አውቃለሁ። የኔ ውሃ አዋሽ ነው፤ እሱም ሸንኮራው ጠጥቶለት የተረፈው። ሀሰን "ወደቡ አጠገብ" ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አንተን ሳይሆን ባሕሩን ነው። ይቅር በለኝ፤ ወዲያው አንተን አሰብኩ።

አሁን ወደ መጨረሻው ቀን ልምጣ፤ ማለቴ አንተ ወደ ሄድክበት ቀን። ያን ዕለት የመጣው ፊልም የፈረንሳይ ይሁን የጣልያን አላውቅም፤ ጽሑፉ በጣም ይሮጥ ነበር። ዓሣ የምትሸጥ ሴት ናት፤ የምትወደው ሰው መርከብ ላይ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነው። ቀኑን ሙሉ አብረው ይዞራሉ፤ የረባ ነገር ግን አይነጋገሩም፤ እሱ የሸሚዝ ዋጋ ይጠይቃል፣ እሷ ዓሣዋን ታራግባለች። መርከቧ ስትጮህ አንተ ተነሳህ። እንደ ወትሮህ "ጉዲቱ ጋ" አላልከኝም። ጨለማው ውስጥ ትከሻዬን ነካኸኝና ወጣህ።

ፊልሙ እንዳለቀ እየሮጥኩ መጣሁ። ጥግ ያለው ወንበርህ ባዶ ነው። ጉዲቱ ብርጭቆ እያጠበች፣ "አካም ዘርፉ" አለችኝ፤ ፊቷን ግን ወደ ገንዳው አዞረች። "ጃራ ሄዷል። ሻዩን ቆሞ ነው የጠጣው። 'የዛሬውን መጨረሻ ታቆይልኝ' ብሎሻል።" ወዴት ሄደ አላልኳትም። የሚቀጥለው የውትድርና ዙር ሊጠራ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የከሰዓቱ ባቡር ደግሞ ገና ጣቢያው ላይ ሲጮህ ይሰማ ነበር። እዚያው ቆሜ ቦምቦሊኖ አዝዤ በላሁ። በንዴት ነው የበላሁት። ንዴት ብቻ መሰለኝ። ሰንብቶ ነው እንደምወድህ የገባኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር እኔ ዘንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ያቆየሁልህ መጨረሻ ይኸው። መርከቧ ሄደች። ሴትዮዋ ባሕሩ ዳር ቆማ አላለቀሰችም። ጫማዋ ውስጥ የገባውን አሸዋ አራገፈች፣ ወደ ገበያዋ ተመለሰች። አንድ ገዢ መጥቶ ዓሣው አልቆየም ወይ ብሎ ተከራከራት፤ እሷም "ዛሬ የወጣ ነው" ብላ ተከራከረችው። ክርክራቸው ሳያልቅ ፊልሙ አለቀ። ሴቶቹ "ይሄ ደግሞ ምን ፊልም ነው" ብለው እያጉረመረሙ ወጡ። ዓመት ከመንፈቅ ይህን ተሸክሜ ዞርኩ። አንተ ብትሆን ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ "ለምን አብራው አልሄደችም?" ነው የምትለው። አሁን ይህን ጥያቄ ሀሰንን አስይዘህ ልከህልኛል።

ቀጥሎ የማታውቀውን ልንገርህ። እማማ ሲኒማ ትገባለች። አዎ፣ እማማ አሰለፈች! ኃይሉ ከተያዘ ወዲህ በዚያ ደጃፍ ላለማለፍ ስትል ማርያም ቤተክርስቲያን በዙሪያ መንገድ የምትሄደው ሴት። ነገሩ የመጣው ጎረቤታችን ሻሼ አንድ እሁድ እየሮጠች መጥታ፣ "እትዬ አሰለፈች፣ ኃይሉን ፊልም ላይ አየሁት መሰለኝ" ስትላት ነው። ከፊልሙ በፊት የጦር ግንባር ዜና ማሳየት ጀምረዋል። እማማ ነጠላዋን አጣፍታ መቀነቷን አጥብቃ ከፊቴ ወጣች፤ እኔ ነኝ የተከተልኳት። ቲኬት ቆራጩ አይቷት ከወንበሩ ተነሳ።

ሸራው ላይ፣ ወንዝ ዳር ወታደሮች ልብስ ያጥባሉ። ይስቃሉ፤ አንዱ በሌላው ላይ ውሃ ይረጫል። ጥግ ላይ አንድ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጢጥ ብሎ ሸሚዙን ይጨምቃል። "ኃይሉ!" ብላ እማማ ጮኸች። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየን። ልጁ ግን አልዞረም። ሸሚዙን ጨምቆ አራገፈና ፊልሙ ወደ ታንክ አለፈ። እሱ ነው ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ አላውቅም። ትከሻው እሱን ይመስላል። ከጀርባው ደግሞ በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሁሉ እሱን ይመስላል። እኔ ቀን ተቀን የወታደር ልብስ ነው የምሰፋው፤ ያን ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። ይህን ለእማማ አልነገርኳትም።

ዜናው እስኪቀየር ድረስ በየእሁዱ ሄድን። እማማ ቦታ ትመርጥ ነበር። አንድ እሁድ በስተግራ ጥግ፣ ቀጥሎ በስተቀኝ ጥግ፤ ከዚያ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ሸራው ሥር። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ ነው ያስተዋልኩት፤ ከጎን ሆና ብታይ ፊቱ የሚታያት መስሏት ነው። አንገቷን እንዲህ ዘመም አድርጋ፣ በአጥር ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው፣ ያን ጀርባ ለመዞር ትሞክራለች። ከዚያ ታንኩ ሲመጣ፣ "ትንሽ ቢያቆዩት ይዞር ነበር" ትላለች። ሁልጊዜ ይህንኑ ነው የምትለው። ዜናው የተቀየረ ቀን ፊልሙን የሚያሽከረክረውን ሰውዬ ደረጃው ሥር ጠብቃ፣ "ልጄ፣ ያንን ልጅ መልስልኝ" አለችው። ሰውዬው አፍሮ፣ "እማማ፣ ወደ አሰላ ተልኳል" አላት። "አሰላ? ብርድ አይደለም እንዴ?" አለችና ነጠላዋን ተከናነበች።

በቃ አበቃ ብዬ ነበር። በሚቀጥለው እሁድ ግን ራሷ ቀድማ ለብሳ ጠበቀችኝ። አሁን ፊልሙንም ታያለች። የገባኝን ያህል በጆሮዋ እነግራታለሁ፤ እሷም የገባትን ያህል ጮክ ብላ ትመልሳለች። ካውቦዮቹን፣ "እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም?" አለች። የካራቴውን ልጅ፣ "ይሄ ሁሉ ዱላ ቁርስ ሳይበላ ነው?" አለች። አንድ የጃፓን ፊልም መጥቶ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ተቀምጦ ጃንጥላ ይሠራል፣ ጎረቤቱ መጥቶ ስለ ዝናብ ይጠይቀዋል፣ ስለ ሄደው ልጁ ግን ማንም አይጠይቀውም። ልክ ይኸው ነው ፊልሙ። ሕዝቡ አፏጨ፣ ወንበር ደበደበ። እማማ ግን ዓይኗን ሳትነቅል አይታ፣ "ይሄ ሰውዬ የኛ ሰፈር ሰው ነው" አለች። የጦርነት ፊልም ሲሆን ወታደሮቹ ሲሰለፉ አንድ በአንድ ታያቸዋለች። "እማማ፣ እነዚህኮ ፈረንጆች ናቸው" ስላት፣ "አውቃለሁ" ትለኛለች፤ ዓይኗን ግን ከሰልፉ ላይ አታነሳም።

ሌላም ሥራ ይዛለች። የኃይሉ ዕድሜ የሆነ ልጅ አጠገቧ ከተቀመጠ ፊልሙን ትታ እሱን ትጠብቃለች። ሊያልቅ የመሰላት ጊዜ ክንዱን ይዛ፣ "ተነስ ልጄ፣ ሊያልቅ ነው፣ ተነስ" ትለዋለች። ብዙ ጊዜ ትሳሳታለች፤ ዘፈኑ ገና ሳይጀመር የምታስወጣቸው አሉ። አንዳቸውም ተቆጥተዋት አያውቁም። "እሺ እማማ" ብለው ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ በሌላኛው በር ዞረው ተመልሰው ይገባሉ። ሻይ ቤት ደግሞ እሷ ናት አሁን መጨረሻውን የምትነግራቸው። ጉዲቱ ወንበር ታመጣላታለች፤ እማማ ትነግራለች፣ በእሷ አፍ ማንም አይሞትም። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

ይህን ሁሉ እያየሁም ቢሆን ልመጣ ነበር። ይህን እወቅልኝ። ሀሰን በነገረኝ ማግስት ቀበሌ ሄጄ፣ ድሬዳዋ ዘመድ ታሞብኛል ብዬ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። ጓዜን በፌስታል ሸከፍኩ፣ አልጋ ሥር ከተትኩ። ከትርፍራፊ ጨርቅ የሰፋሁት ሰማያዊ ቀሚስ አለኝ፤ ባሕር ዳር የሚለበስ ይመስለኛል፤ እሱንም ጨመርኩ። እማማን ሻሼ ታያታለች አልኩ፣ ጉዲቱ ታያታለች አልኩ፣ ደርሼ ገንዘብ እልክላታለሁ አልኩ። እንዲህ ለማለት የማያጣ ምላስ አለኝ። እነዚያ ሁሉ ፊልሞች ውስጥ ከሚወዱት ሰው ጋር የሄዱትን ሴቶች እያነሳሁ ራሴን አጀገንኩ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል እማማ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር።

"ዘርፍዬ፣ ሀሰን ነገ ነው የሚመለሰው?"

"ማን ነገረሽ?" አልኳት።

"ሴቶቹ ሁሉ ሻርፕ ገዝተው፣ 'ሀሰን ቅዳሜ ይመለሳል' እያሉ ሲመጡ አንቺ ብቻ ያለቀሰ ዓይን ይዘሽ ገባሽ፤ እንዲህ የሚያስለቅስሽ የጃራ ወሬ ነው። አልጋ ሥር ስጠርግ ደግሞ ጓዝሽን አየሁት። ቀሚሱን እንዲያው ጠቅልለሽ ከተሽው ይጨማደድ ነበር፤ አጥፌ መልሼዋለሁ።"

እዚያው ቆምኩ። እሷ ጠጠሩን እየለየች ወደ ውጭ ትጥላለች።

"ጃራ ደህና ልጅ ነው። ኃይሉ የተያዘ ሰሞን ሰው ሁሉ 'አይዞሽ' ሲለኝ እሱ ነው ውሃ የቀዳልኝ።"

"አንቺስ እማማ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ?" አለች። ቀና ብላ አላየችኝም። "ሂጂ ልጄ። እኔ መጠበቅ ለምጃለሁ።"

ጃራ፣ ሌላ ማንኛውንም ነገር ብትል ኖሮ እመጣ ነበር። ብታለቅስ፣ ደረቷን ብትመታ፣ "ጥለሽኝ ልትሄጂ" ብላ ብትረግመኝ እልህ ይዞኝ ዛሬውኑ ድሬዳዋ ነበርኩ። እሷ ግን መረቀችኝ። ስለ ኩሽና ሥራ እንደሚያወራ ሰው፣ ምስሩን እየለቀመች፣ መጠበቅ ለምጃለሁ አለችኝ። ያንን ጀርባ ስታይ ከግራ ወደ ቀኝ እንደምትዛወረው ሁሉ፣ የኔንም ጀርባ የት ተቀምጣ እንደምታየው ታየኝ። አንዱን ልጇን በጉልበት ወስደው አስለመዷት። ሁለተኛዋ በገዛ እግሯ ሄዳ አታስለምዳትም።

አልመጣም። እወድሃለሁ፣ አልመጣም። ሁለቱንም አንድ ላይ እንድታነባቸው እፈልጋለሁ፤ አንዱን ጠግነህ ሌላውን እንዳትጥልብኝ።

አንተም ለኔ ብለህ እንዳትመለስ። መኪናቸው አሁንም በሩ ላይ ነው። እዚያው ሁን፤ ጎማህን ጠግን፤ ሲኒማ ግባ፤ መብራቱ እስኪበራ ተቀመጥ፤ ሲበራም ቀስ ብለህ እንደ ሰው ውጣ። አጠገብህ የምትቀመጥ ሴት ብትኖር አትሽሻት። ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው።

አትጠብቀኝ፣ ጃራ። አንተም እንድትለምደው አልፈልግም።

ዘርፉ
ናዝሬት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ